ሞልቶ ጸጥ ይበል

ጸጥታ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በጩኸት ነው።

ከደካ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን ትምህርት ቤት ስገባ አማርኛ አላውቅም ነበር። ቤታችን የሚነገረው ካፊኖኖ ብቻ ነው። መምህራችን ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡ ረጅም ሰው ነበሩ። በር ላይ ብቅ ሲሉ ሰሌዳውን በመዳፋቸው ይመቱና "ጸጥታ!" ይላሉ። ስማቸውን የሚነግሩን መሰለኝ። ቤት ገብቼ "ዛሬ ጋሽ ጸጥታ ፊደል አስቆጠሩን" ብዬ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴም አማርኛ ስለማያውቅ "ደግ ሰው ይመስላሉ" አለኝ።

ነገሩን ራሱን ግን ከቃሉ በፊት አውቀው ነበር። አባቴ የንብ ቀፎ ሰቃይ ነበር። ከጫካው ረጅሙን ዛፍ መርጦ በገመድ ሲወጣ እኛ ልጆቹ ሥሩ ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን። ዝም በሉ ያለን ቀን የለም። እሱ ላይ ሆኖ ገመዱ ሲጠብቅና ሲላላ የሚያሰማውን ያዳምጣል፤ እኛ ደግሞ እሱን እናዳምጣለን። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ቅጠል ይረግፋል። ጤዛ ከላይ ጠብ ሲል አንገታችን ውስጥ ይገባል። ማንም አይስቅም። ያ ውስጡ የምንቀመጥበት ነገር ስም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

ቦንጋ መጥቼ ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። አማርኛው እየለመደኝ ሲመጣ ቃሉም በየቦታው ያገኘኝ ጀመር። ገበያ ላይ ኮረሪማ የምትሸጥ ሴት "ዛሬ ጸጥ ብሏል" ካለች ምንም አልሸጠችም ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ አየሩ ጸጥ ካለ ልብስ ከገመድ ላይ ይሰበሰባል፤ ዝናቡ ደርሷል። ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ተጠይቆ ቤቱ ጸጥ ካለ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ሕፃን ልጅ ጓዳ ገብቶ ጸጥ ካለ እናት የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች፤ ወይ ስኳሩን አግኝቶታል፣ ወይ መቀሱን። ባለቤቴ የሚሠራው ደግሞ ሰላምና ጸጥታ በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ጎረቤት ሁሉ "የጸጥታው" ይለዋል። ሲያንኮራፋ ሰምተውት አያውቁም።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን እናቴ ያለችው ነው። እኔን የዳሩኝ ቀን በካፊኖኖ መረቀችኝ። በቤታችን ልማድ ሴት ልጅ ስትዳር ሁሉም ይመርቃታል፤ የበሩን ደፍ የሚያሻግራት ግን የእናቷ ቃል ነው። እናት ሳትናገር ልጅ ከቤት አትወጣም። እናቴ ግንባሬን ቅቤ አስነክታ ጥቂት ቃል ተናገረች። አማርኛው ልክ አይመጣልኝም። ብናቀራርበው "ቤትሽ ጸጥ ይበል" እንደ ማለት ነው።

ይህን ግቢያችን ውስጥ ለምትከራይ መምህርት አንድ ቀን ብነግራት ደነገጠች። "ውይ እትዬ! ይሄማ እርግማን ነው። እኛ አገር ቤቱ ጸጥ አለ ከተባለ ሰው አልቆበታል።"

እውነቷን ነው። ብዙ አሰብኩበት። እናቴ ግን እሱን አላለችም። ልጅ ሆኜ ከምንጭ ስንመለስ የያዝኩት እንስራ ጎደሎ ከሆነ ጀርባዬ ላይ ይንቦጫረቃል፤ ቀሚሴን ያረጥበዋል። እናቴ ከኋላዬ እየመጣች "ብትሞይው ዝም ይልሽ ነበር" ትለኛለች። የመረቀችኝ የዚያን የሙሉውን እንስራ ጸጥታ ነው።

አሁን ወደ ጉሮሮዬ ልምጣ።

እንቅርት በእኛ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኔም ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል፤ ነጠላዬን ከፍ አድርጌ እለብስና እረሳዋለሁ። በኋላ በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ ያሳጥረኝ ጀመር። በዚያው ዘመን ልጄ ታጨች። እጮኛዋ ሺሺንዳ ከተማ የሚነግድ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ሰው ወዳድ። ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተቆረጠ። ልጄ ግን "ሳትታከሚ አላገባም" አለች። እንደ አባቷ ናት፤ አንዴ ካለች አለች ነው። ስለዚህ ዐቢይ ጾም እንደገባ ጅማ ሄድን።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ነቅቼ መጀመሪያ ልል የፈለግሁት "ተመስገን" ነበር። አፌን ከፈትኩ። አየር ብቻ ወጣ።

ሐኪሙ መጣ። ወጣት ነው፤ ልጄን ያህላል። "የድምፅዎ ነርቭ ተቆጥቷል እንጂ አልተቆረጠም" አለኝ። "እናቴ፣ እስክንገናኝ ምንም አይናገሩ። ሹክሹክታም ቢሆን። ሹክሹክታ እንዲያውም ይብሳል።"

"ድምፅዋ ይመለሳል?" አለችው ልጄ።

"ብዙ ጊዜ ይመለሳል።"

ብዙ ጊዜ። ይህን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የጎጀብን ወንዝ ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ጭጋግ መኪናውን ዋጠው። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ ይላል። እኔ መስኮቱን ደገፍ ብዬ የማስበው ስለ ደፉ ነበር። ድምፄ ባይመለስ ልጄን በምን አሻግራታለሁ?

ባለቤቴ ፊቴን አይቶ፣ "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል" አለ። "የእኛ ይለያል። እንቅርቱ ሄዶ ነው ጆሮ ደግፉ የመጣው።" ሊያስቀኝ ነው። መሳቅም አልተፈቀደልኝም ነበር።

የዚያ ጾም ቀኖች አሁን ሳስባቸው እንደ ሕልም ናቸው። የትኛው በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደነበር አላውቅም። ጠዋት ጭጋጉ ከጫካው ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ይቆማል፤ የእንሰቱ ቅጠል ብቻ በላዩ ይታያል። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲጀምርና ሲያበቃ አዳምጣለሁ። ሲያበቃ ወዲያው አያበቃም፤ ከእንሰቱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይቆያል። ሩቅ ጉሬዛዎች ይጮኻሉ። ስተኛ እናቴን አያታለሁ፤ ምንጩ ዳር ቆማ በካፊኖኖ ታወራኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ፣ ድምፄ የልጅነቴ ድምፅ ነው። ስነቃ ጉሮሮዬን እነካለሁ።

ሰው ስፈልግ ትሪ በማንኪያ እመታለሁ። አንዴ ለባለቤቴ፣ ደጋግሜ ለልጄ። ጨው ሲያንስ ጣቶቼን አሻሻለሁ። ባለቤቴ ጥቂት ቆይቶ እሱም በምልክት ይመልስልኝ ጀመር። ሥራ መሄዱን በእጁ፣ ዝናብ መምጣቱን በእጁ። ልጄ ከበር ቆማ ታየንና፣ "አባዬ! አንተ እኮ አልታመምክም! አፍ አለህ!" ትለዋለች።

"ረስቼ ነው" ይላል።

መምህርቷ ከትምህርት ቤት ደክማ፣ ድምፅዋ ጎርንኖ ትገባለች። "እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ ጸጥታ ጸጥታ ስል ውዬ መጣሁ" አለችኝ አንድ ቀን። "የእርስዎን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያበድሩኝ ምን ነበረበት?"

ቤተ ክርስቲያን ከወትሮው ቦታዬ ቆሜ፣ ነጠላዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ አስቀድሳለሁ። ሰው ተሰጥኦውን ሲመልስ እኔ ዝም። ከቅዳሴ በኋላ ከእናቶች ጋር እዘምር ነበር፤ አሁን አልዘምርም። ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩ አሮጊት ጎረቤት አሉን፤ እማማ እንላቸዋለን። ዓይናቸው ደክሟል ቢባልም የሚያመልጣቸው ነገር የለም። ደጀ ሰላሙ ላይ ያዙኝ።

"ምነው ልጄ? ሰላምታም የለ? ተቀየምሽኝ?"

ጣቴን ወደ ጉሮሮዬ፣ ከዚያ ወደ ሰማይ አመለከትኩ። መዳኑ በእሱ እጅ ነው ማለቴ ነበር።

እማማ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ሳሙ። "ገባኝ" አሉ። "አርምሞ ይዘሻል። ለሰው አልናገርም።"

አርምሞ የመነኮሳት ነው፤ አፍን ዘግቶ ከእግዚአብሔር ጋር መሰንበት። እኔ የእሱ ሰው አይደለሁም። እራሴን ብነቀንቅ እማማ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሄዱ። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ አወቀ።

ባለቤቴ አጥሩ ጋ ቆሞ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

"ኧረ እማማ፣ ሐኪም ነው የከለከላት!"

"አዎ የእኔ ልጅ። የሐኪሞች ሐኪም።"

"ጅማ ወስደን አሳክመናት ነው እኮ!"

"ሱባኤ የያዘ ሰው ይሰውር የለ? ደግ አደረግህ፤ ሰውር።"

"እማማ፣ እኔ የጸጥታ ሠራተኛ ነኝ፤ አልዋሽም።"

"ለእሷ ስትል ዋሽ፤ ይቅር ይልሃል።"

እኔም ወረቀት ላይ "ሐኪም ነው፤ ጉሮሮዬ ነው" ብዬ ጻፍኩና ወስጄ ሰጠኋቸው። እማማ አያነቡም። ይህን ሳላስብ ቀርቼ ነው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ሳሙት፣ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ልጄ መሳቂያ ፍለጋ ከቤት ጀርባ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሰዎች ይመጡ ጀመር። አንዳንዱ ለፋሲካ ብሎ እንቁላል፣ አንዳንዱ ጾም ስለሆነ ጎመን ይዞ ይመጣል። አጠገቤ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ከዚያ ዋናውን ይናገራሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አንድ ነገር እል ነበር፤ አይዞሽ፣ ያልፋል፣ ተይው። አሁን የምለው የለኝም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይናገራሉ። ኮረሪማ የምትሸጠው ሴት ፕሮቴስታንት ናት። "እኛ ጋ ጮክ ብለን ነው የምንጸልየው" አለችኝ። "ጌታ ግን ሁለቱንም ይሰማል አይደል?" አዲስ አበባ የሄደ ልጇ ስልክ እንደማያነሣላት ነገረችኝ። ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር፤ ኮረሪማው ቤቱን ሞላው።

መምህርቷ እውነቱን ታውቃለች፤ አንገቴ ላይ ያለውን ፋሻ በየጊዜው የምትቀይርልኝ እሷ ነበረች። እሷም አንድ ቀን መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። "እኔ እንኳን አውቃለሁ" አለች። "ግን እዚህ ቤት ጸጥ ሲል እናቴ ትዝ ትለኛለች።" አለቀሰች። እጄን ራሷ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ሌላ ምን አለኝ?

ያልሆንኩትን ሆኜ መከበሬ ግን ከበደኝ። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ጽፌ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ሊስቁም ፈለጉ።

"ሐኪሙም ዝም በይ ብሏል፣ እማማም ዝም ብላለች ብለዋል" አሉኝ። "እንግዲህ ዝም ስትይ የነገሩሽን ሁሉ እያነሣሽ ጸልዪላቸው። ያኔ የማንም ነገር ውሸት አይሆንም።"

እንደዚያ አደረግሁ። ውሃ ስቀዳ ለስልኩ ልጅ፣ ሽንኩርት ስልጥ ለመምህርቷ እናት፣ እንሰቱን እያየሁ ለሌላው። በዕድሜዬ ሁሉ ጥቂት ተናጋሪ ነበርኩ፤ ውስጤ ግን ሁልጊዜ አንድ የሚንቦጫረቅ ነገር ነበረ። በእነዚያ ቀኖች ቀስ እያለ ዝም ሲል ተሰማኝ። ስለዚያ ጾም ዛሬም አመሰግናለሁ።

ሕማማቱ ሲቃረብ ጅማ ተመለስን። ሐኪሙ በመስተዋቱ ጉሮሮዬን አይቶ "ጥሩ ነው፤ እስቲ 'አ' ይበሉ" አለኝ። አልኩ። ትንፋሽ። እንደገና። ትንፋሽ። "ጊዜ ይስጡት" አለኝ። "ከአሁን በኋላ ቀስ እያሉ መሞከር ይችላሉ።"

ሞከርኩ። ጓዳ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ። ፋሲካ ደረሰ፤ ሰው ሁሉ "ክርስቶስ ተንሥአ" ሲል በከንፈሬ ብቻ መለስኩ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ድንኳን ሊተከል ሰዎች ግቢ ገብተው ለእንጨቱ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ባለቤቴ ልጃችንን አስቀምጦ፣ "እኔ እመርቅሻለሁ" አላት። "እናትሽ እጇን ታነሣለች። እግዚአብሔር እጅም ይሰማል።"

"አይሆንም።"

"ምኑ ነው የማይሆነው? ድንኳን ተከራይተን፣ ሰው ጠርተን!"

"ደፉ ላይ እቀመጣለሁ እንጂ ሳትናገር አልሻገርም። እሷን አያቴ ናት ያሻገረቻት።"

"ሙሽራውስ?"

"እሱም ይቀመጣላ! ሳቂታ ነው፤ ይስቃል።"

ትሪውን በማንኪያ መታሁት። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደምላቸው አላወቅሁም።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ዘነበ። በእኛ አገር ሠርግና ዝናብ ወንድማማች ናቸው፤ ማንም አልተገረመም። ሚዜዎቹ ጫማቸው ጭቃ ይዞ መጡ። ደጅ "አናስገባም" ተባለ፣ ተከራከሩ፣ ገቡ። ድንኳኑ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ መንገድ ላይ የሙሽራው መኪና ጥሩምባ ያሰማል። ቤት ውስጥ ልጄ ነጭ ለብሳ የአባቷን ጉልበት ሳመች። መረቃት፤ ረዥም መረቀ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

እናቴ እንዳደረገችው በጣቴ ቅቤ ወሰድኩ። ግንባሯን አስነካሁ። ሳምንታት ሙሉ በልቤ ያዘጋጀሁት ምርቃት ነበረኝ፤ ወንዝ ያህል ረጅም። አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ወጣ። እንደገና ከፈትኩ። ልጄ ጉልበቴ ላይ ሆና ቀና ብላ ታየኛለች። አትቸኩልም። ከበሮው ይመታል።

እማማ ከጥግ ብድግ አሉ። ወደ በሩ ሄደው፣ ከደካው መምህሬ በሚበልጥ ጉልበት ጮኹ።

"ጸጥታ! ልትናገር ነው! አርምሞዋን ልትፈታ ነው!"

ከበሮው ቆመ። ዘፈኑ ቆመ። አንዱ ሮጦ ሾፌሩን ነካው፤ ጥሩምባውም ቆመ። ለስላሳ የሚያድለው ልጅ ሣጥኑን እንደያዘ ቀረ። ዝናቡ ሸራው ላይ ብቻ ይሰማል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ የሚያስል አልነበረም።

ያን ነገር አወቅሁት። አባቴ ዛፍ ላይ ሆኖ፣ እኛ ሥሩ ተቀምጠን የምናዳምጠው ነው። ጤዛው አንገቴ ውስጥ የገባ ያህል ቀዘቀዘኝ። ጉሮሮዬን ረሳሁት።

ድምፅ መጣ። የእኔ አይመስልም፤ የቆየ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ይመስላል። መጀመሪያ እናቴ ያለችኝን በካፊኖኖ አልኩ፣ እንዳለ። ከዚያ የሙሽራው ዘመዶች እንዲሰሙ በአማርኛ፤

"ልጄ፣ ቤትሽ ይሙላ። ሞልቶ ጸጥ ይበል።"

ያዘጋጀሁት ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። አልፈለግሁትምም።

"አሜን!" አለ ድንኳኑ። ከሁሉ የእማማ አሜን ይሰማ ነበር።

አንደኛው ሚዜ መቆየት አልቻለም። "አሜን ብለናል እናታችን! ግን ሙሽራውን ገበያ ላይ አልሰሙትም! እሱ ሲጠራ ሺሺንዳ ሙሉ ነው ዞሮ የሚያየው! እንዴት አድርጎ ነው ጸጥ የሚለው?"

"ሲሞላ!" አለ ባለቤቴ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ሰው ሳቀ፣ ከበሮው ተመለሰ፣ ልጄ ቀሚሷን ሰብስባ ደፉን ተሻገረች።

ድምፄ እንደዚያው ጎርናና ሆኖ ቀርቷል። ከፍ ያለውን መዝሙር አይችልም፤ ዝቅ ያለውን ይችላል። ይበቃኛል። ሰዎችም አሁንም አልፎ አልፎ መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ እኔም ቶሎ አልመልስላቸውም። ኮረሪማ የምትሸጠው ሴት፣ ልጇ መደወሉን ልትነግረኝ ስትመጣ ግን ጮክ ብዬ ተመስገን አልኩ። እማማ ያቺን ወረቀት አሁንም መቀነታቸው ውስጥ ይዘዋታል። መምህርቷ "ላንብብልዎት?" ብትላቸው፣ "ምን እንደሚል አውቃለሁ" ብለው እምቢ አሏት።

ልጄ ከሺሺንዳ ማታ ማታ ትደውላለች። ስለ ምግቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ባሏ ትነግረኛለች። ወሬው ያልቅና ሁለታችንም ስልኩን አንዘጋም።

"እማዬ፣ አለሽ?"

"አለሁ።"

እሷ ጋ ዝናብ ጀምሯል፤ በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮዋን ሲመታ እሰማዋለሁ። ጥቂት እንቆያለን። ከዚያ ዝናቡ ወደ እኛም ይደርሳል።